አማቴ የተኙባት የልብስ ክፍል

ቤታችንን ስንሠራ ባለቤቴ አንድ ነገር እንድመርጥ ፈቀደልኝ። እኔም የልብስ ክፍል መረጥኩ። ፕላኑን ያወጣልን ልጅ ከመኝታ ቤታችን ጎን የተረፈችውን ቦታ በእርሳስ እያሳየ፣ “እዚህ ጋ ጥሩ ሻወር ይወጣላችኋል” ብሎን ነበር። እኔ ግን ያደግኩት ከአምስት ወንድምና እህቶቼ ጋር አንድ የልብስ ሳጥን ተካፍዬ ነው። ገብቼ በሩን የምዘጋበት ቦታ አማረኝ። ባለቤቴ “ልብስሽም ቤት ሊሠራለት ነው?” እያለ ሲስቅብኝ ከረመ፤ ግን ሠራልኝ። ሦስት ሜትር በሁለት ትሆናለች። መስኮት የላትም፤ ጀርባዋ የጎረቤት ግንብ ነው።

የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። መቀሌ በአስተማሪነት ተመድቤ መጥቼ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። በጦርነቱ መንገዱና ስልኩ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እናቴ ሞተች። አላወቅሁም። ስልክ ሲለቀቅ ታላቅ ወንድሜ ደወለና ድምፄን ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላ ምንም መናገር አላስፈለገውም። ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር። በሰፈራችን ሐዘን ያልገባበት ቤት ስላልነበረ፣ ኑና የማታውቋትን እናቴን አልቅሱልኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። መንገዱ ሲከፈት ሄጄ ነጠላዋንና ሁለት ቀሚሷን ይዤ ተመለስኩ። የልብስ ክፍሉ ውስጥ ጥግ ላይ ሰቀልኳቸው። ከሥራ ስመለስ እገባለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሌላ ለቅሶ ቤት አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ የባለቤቴ አባት ገጠር ወድቀው ዳሌአቸው ተሰበረ። ዓይደር ሆስፒታል ተኝተው ታከሙ። ሲወጡ ክትትል ስላለባቸው እኛ ዘንድ እንዲቆዩ ተባለ። ያለን ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ አንዱ የሁለቱ ሴት ልጆቻችን።

እኔና ባለቤቴ በቤት የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። አባቱ ከትግርኛ ሌላ አይሰሙም ብዬ አምን ስለነበር፣ የመጡ ዕለት እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ እፊታቸው ተከራከርን።

“የልብስ ክፍሉን እናጽዳላቸው” አለኝ ባለቤቴ።

“እሱ ክፍል አይደለም፣ ቁም ሳጥን ነው። ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ይተኛል?”

“ለክቼዋለሁ፣ አልጋ ያስገባል። አባቴን እንግዳ በሚወጣ በሚገባበት ሳሎን አላስተኛም።”

“የእናቴን ልብስስ የት ላድርገው? እዚህ ከተማ ውስጥ እናቴ ያለችው እዚያ ብቻ ነው፤ ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ የማለቅስላት እዚያ ነው። እሳቸው ቤት አላቸው፣ ልጆች አሏቸው። እኔ ምን አለኝ?”

አባቱ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቴሌቪዥኑን እያዩ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

በማግሥቱ አናጺ መጥቶ መደርደሪያዎቹን ነቀለ። ልብሶቻችንን በካርቶን አድርገን አልጋችን ሥር አስገባን፤ የእናቴን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩበት። ግድግዳውን ነጭ ቀባነው፤ አንድ አልጋና አንድ በርጩማ ገባ። አማቴ ዕድሜአቸውን ሁሉ ግንበኛ ነበሩ። ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ግድግዳውን በመዳፋቸው መዳሰስ ነው። ዞር ዞር ብለው አዩና ልጃቸውን በትግርኛ፣ “መስኮት የለውም?” አሉት። “ወዲያ የጎረቤት ነው፣ ኣቦ” አላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ መስኮት አላነሡም።

ምግባቸውን በሰዓቱ አቀርባለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ለክትትል በባጃጅ እወስዳቸዋለሁ። “የቐንየለይ ጓለይ”፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ይሉኛል። ማንም ቢያየኝ ጥሩ ምራት ይለኛል። ግን ፊቴን ነሥቻቸው ነበር። ሳህኑን አስቀምጬ እወጣለሁ እንጂ አጠገባቸው አልቀመጥም። መብራት ሲጠፋ እዚያ ጨለማ ውስጥ እንደተቀመጡ ሰው እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ፤ አይጣሩም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሻይና ሻማ ይዤላቸው ገባሁ። በርጩማው ላይ አስቀምጬ ልወጣ ስል፣

“ጓለይ፣ የእናትሽን ልብስ የት አደረግሽው?” አሉኝ። በአማርኛ። በጠራ አማርኛ።

እጄን በሩ ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። “አማርኛ ያውቃሉ እንዴ?”

“በጎልማሳነቴ አዲስ አበባ ስምንት ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ኖሬአለሁ።”

“ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ…”

“ማን ጠየቀኝ?” አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አሉና ቀጠሉ፦ “አምጪና እዚያ ጥግ ስቀይው። ከሥራ ስትመለሺ እኔ ሳሎን እወጣለሁ፤ አንቺ ግቢና በርሽን ዝጊ። እናት ሳይለቀስላት መቅረት የለባትም።”

ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረብኝ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ቢያንስ አጠገባቸው ብቀመጥ። እኔ ግን “አይ፣ ግድ የለም አቦይ፣ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ” ብዬ ወጣሁ። ኩሽና ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ። ሻንጣውንም አልከፈትኩም።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ቀያቸው እንዲመልሳቸው ልጃቸውን ወጥረው ያዙት። አጥንቱ ገና ነው ብሎ ለመናቸው። “አጨዳ ደርሷል” አሉ። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያጭድ እሱም አልጠየቀ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጄን ያዙኝና፣ “በርቺ” አሉኝ።

ከጥምቀት በኋላ ብርድ መትቷቸው ብዙም ሳይታመሙ ሞቱ። ለቀብር ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። የባለቤቴ እህት አንገቴን አቅፋ እያለቀሰች በትግርኛ፣ “ለመጣ ለሄደው ሁሉ ስላንቺ ሲያወሩ ነው የከረሙት። የገዛ ክፍሏን ለቀቀችልኝ እያሉ” አለችኝ። ዙሪያችን ያሉት ሴቶች በአድናቆት አዩኝ። እንባ እምቢ አለኝ። ደክሟት ነው ብለው ውኃ አመጡልኝ።

ክፍሏን እንደ ድሮዋ እናድርጋት ወይ ብሎ ባለቤቴ ጠየቀኝ። አልፈልግም አልኩት። ትልቋ ልጃችን ለመልቀቂያ ፈተና የምትዘጋጅ ነበረችና ጠረጴዛ አስገብታ ያዘቻት። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳትቆይ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣

“እማ፣ እናንተ መኝታ ቤት ስታወሩ እኮ ሁሉም ነገር ይሰማኛል። ማጥናት አልቻልኩም” አለችኝ።

“ሁሉም?”

“ቃል በቃል። አጠገቤ ያላችሁ ነው የሚመስለኝ።”

ክፍሏን ከመኝታ ቤታችን የሚለያት ግንብ አይደለም፤ ስስ የችፑድ ጣውላ ነው። ልብስ ምን ይሰማል ብለን ነበር እንደዚያ ያሠራነው። አማቴ እዚያ በነበሩባቸው ሦስት ወራት፣ ያንን ችፑድ ተደግፌ ለባለቤቴ የተናገርኩት ተራ በተራ መጣብኝ። መቼ ነው የሚሄዱት? ሳላቸው እንቅልፍ ነሣኝ። የመድኃኒታቸው ሽታ ልብሴ ውስጥ ገባ። እንዲህ እስከ መቼ ልኖር ነው? ይህን ሁሉ እየሰሙ ነው በየጠዋቱ “የቐንየለይ ጓለይ” ያሉኝ። ይህን ሁሉ ሰምተው ነው ክፍሏን ለቀቀችልኝ ብለው ያወሩልኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። አባቱን ቀብሮ ከተመለሰ ወዲህ ንግግር ቀንሷል፤ ይህንን ልጨምርበት አልፈለግሁም። የሚያነጋግር ነገር ሲኖረን ግቢ እንውጣ እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቆኛል። ልጅቷ እያጠናች ነው አልኩት፤ እውነትም እያጠናች ነበር። ወጥተን አጥሩ ሥር እንቆማለን፤ ብዙ ጊዜም ሳንነጋገር እንገባለን።