ከሆሳዕና ሆኖ የኢስቶኒያን ዘር መቁጠር

ሥራውን የጀመርኩ ዕለት ኢስቶኒያ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። ከወረዳ መዝገብ ቤት ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ አንድ ላፕቶፕና አንድ ወንበር ተሰጠኝ። አሠሪያችን አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። የውጭ አገር ሰዎች የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ በኢንተርኔት እንዲያፈላልግላቸው ይከፍሉታል። አለቃዬ ወይዘሮ ትርሲት የምታዘኝ በስልክ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ መዝገብ ማገላበጥ ያውቃሉ አይደል?»

«ሠላሳ ዓመት።»

«ያው ነው። አቧራ የለውም እንጂ።»

ለእኔ የደረሰኝ የኢስቶኒያ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል። የዚያን ጊዜ የአገሩ ባላባቶችና ቄሶች ጀርመኖች ስለነበሩ የተጻፈው በጀርመንኛ፣ ያውም በእጅ ነው። እኔ የማውቀው ጀርመንኛ ተወለደ፣ አገባ፣ ሞተ የሚሉትን ነው። ለሥራው በቂ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁት ስህተት እዚህ አገር ያደገ ሰው ብቻ የሚሠራው ነው። የማርት ታምን ዘር ፈልግ ተባልኩ። ታም አባቱ ነው ብዬ፣ ታም የሚባል ሰው ስፈልግ አራት ቀን ፈጀሁ። ትርሲት ስትሰማ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ታም የቤተሰቡ ስም ነው። አባቱም ታም፣ አያቱም ታም፣ ሚስቱም ታም።»

ሚስቱን መጨመሯ አናደደኝ። ከዚያ በኋላ ግን የቤተሰብ ስም ብቻ ይዤ መሮጥ ለመድኩ፤ ከቢሮው ሁሉ ፈጣን እኔ ሆንኩ።

ሌይዳ ካስክ የመጣችው በሁለተኛው ዓመት ነው። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ባልም ልጅም የላትም፣ የምትኖረው አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ማመልከቻዋ አጭር ነበር፦ «በሕይወት ያለ ዘመድ እንዳለኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድም ቢሆን ይበቃኛል።» ካስክ የሚባሉትን አንድ በአንድ ተከትዬ ጨረስኩ። ሁሉም ሞተዋል። ሪፖርቱ ላይ «በሕይወት ያለ ዘመድ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

«ደንበኛ እንዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ነው የሚወደው» አለች ትርሲት።

ሌይዳ አመስግና ጻፈችልኝ። ምስጋናዋ ቅር አለኝ፤ ግን ቀጣዩን ፋይል ከፈትኩ።

በዓመቱ የእህቴ ልጅ ከዱራሜ ሚስት ሊያገባ ሆነና ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። የልጅቷ አጎት ገና ከመቀመጣችን ዘር መቁጠር ጀመሩ፤ ልጆቹ ዘመድ ከሆኑ ጋብቻው ይቀራል።

«የልጁ አያት ማን ይባላሉ? የእሳቸውስ አባት? መሬታቸው በየት በኩል ነበር?»

መለስኩ።

«ወደ ሙዱላ የሄደ ወንድም ነበራቸው ይባላል። እሱ ማንን ወለደ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«እንግዲያው አጣርታችሁ ተመለሱ።»

አጣርተን በሁለት ሳምንት ተመለስን፤ ልጆቹ ተጋቡ። እኔ ግን አጣሩ የተባልን ቀን፣ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ የማስበው ሌይዳን ነበር። የኢስቶኒያ ገበሬዎች የቤተሰብ ስም የወጣላቸው ከገባርነት ሲላቀቁ ነው፤ ስሙ የሚመዘገበውም በየሚያርሱበት የባላባት ርስት ለየብቻ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ርስት ላይ ከነበሩ ሁለት የተለያየ ስም ይወጣላቸዋል። ይህን ሥልጠና ላይ ነግረውናል። ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ።

በማግስቱ ካስክ የሚለውን ስም ትቼ፣ የቤተሰብ ስም ሳይመጣ በፊት ወደነበረው መዝገብ ገባሁ። እዚያ ሰው የሚመዘገበው እንደ እኛው ነው፤ በራሱ ስም፣ በአባቱ ስም፣ በሚያርሰው መሬት ስም። የሌይዳ ቅድመ አያት አባት ታናሽ ወንድም ነበረው። ጎረቤት ርስት ሄዶ ሌፒክ ተብሏል። ሌፒኮችን ተከትዬ ስወርድ፣ የኋለኞቹን ከጋዜጣና ከስልክ ማውጫ እየለቀምኩ፣ በሦስት ሳምንት አንድ ሰው ላይ ደረስኩ፦ ኤይናር ሌፒክ። የሚኖረው ሌይዳ ያለችበት ከተማ ነው።

«የተዘጋ ፋይል እኮ ነው ጋሼ» አለች ትርሲት። «ተሳስተን ነበር ልንላት ነው?»

«አዎ።»

«በእርስዎ ስም ይጻፉት እንግዲህ።»

በስሜ ጻፍኩ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ።

«ኤይናርን አውቀዋለሁ። አጥራችን አንድ ነው። ዛፉ ጓሮዬን አጨለመብኝ ብዬ ስድስት ዓመት አኩርፌው ነበር። ከአራት ወር በፊት አረፈ። ቀብሩ ላይ ሄጄ ከኋላ ከጎረቤቶች ጋር ቆምኩ። ከፊት የሚቆመው ቤተሰብ ነው። ከፊት ማንም አልነበረም።»

የመጀመሪያው ሪፖርቴ ሲደርሳት ሰውዬው ከአጥሩ ማዶ በሕይወት ነበር። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ኢንተርኔት የተቋረጠብኝ መስሏት «ይመጣል ጋሼ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ያላገኛችሁትን ሰው «አላገኘሁትም» ብላችሁ ጻፉ፤ «የለም» አትበሉ።