የእድሩ ጄኔሬተር እኛ ግቢ የተነሳ ዕለት

አባቴ የእድራችን ንብረት ጠባቂ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስትና ጄኔሬተሩ የሚቀመጡት ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ በታች ባለው ግቢያችን፣ ከወጥ ቤቱ ጎን በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሏ ቁልፍ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። የገዛ ሴት ልጁ ብሆንም ያለ ለቅሶ በሯን ከፍቶልኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ሳንባው ደከመ። ከሆስፒታል ሲወጣ በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ተከራየንለት፤ ቀጭኗን ቱቦ አፍንጫው ላይ አድርጎ ይውላል። ሐኪሟ፣ "ማሽኑ መቋረጥ የለበትም፣ መጠባበቂያ አላችሁ?" ስትለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ "ጄኔሬተር አለን" አልኳት። የእድሩን ማለቴ ነበር።

ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መብራት ድርግም አለ። ማሽኑ ጮኸና ዝም አለ። መብራት መጥፋት ለሰፈራችን ብርቅ አይደለም፤ ሻማ መለኮስ፣ መሳደብ፣ በቃ። የዚያን ቀን ግን አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ፍራሹን ጨብጦ አየር ይፈልግ ጀመር። ከንፈሩ ጠቆረ። አምቡላንስ ብደውል "መንገዱ በጎርፍ ተዘጋግቷል፣ ጠብቁ" አሉኝ። ተሸክመን ዳገቱን እንዳናወጣው ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።

"ቁልፉን ስጠኝ" አልኩት።

"የእድር... ነው" አለኝ። ትንፋሹ ቃሉን ይቆርጥበታል። "ለ... ለቅሶ..."

"አባዬ፣ አንተ ካልተነፈስክ ለቅሶው እዚሁ ነው!"

ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቁልፉን ከአንገቱ ላይ ራሴ አወጣሁት።

ጄኔሬተሩን እየገፋሁ፣ ጭሱ ወደ ቤት እንዳይገባ ከመስኮቱ አርቄ፣ የወጥ ቤቱ ክዳን ሥር አቆምኩት። የማስነሻ ገመዱን ይዤ በኃይል ስስበው ብጥስ ብሎ እጄ ላይ ቀረ፤ እኔም ጭቃው ላይ በቂጤ ቁጭ አልኩ። ጩኸቴን የሰሙት የቅርብ ጎረቤታችን፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ሴትዮ፣ የጠበል ጠርሙስ ይዘው ከተፍ አሉ።

"ልርጨው?" አሉኝ፣ ሞተሩን እያዩ።

"እትዬ፣ እሱን ለአባዬ ያድርጉለት። ይሄ ሞተር ነው!"

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ የጣናን ገዳማት ልንሳለም ስንሄድ፣ የጀልባችን ሞተር ሐይቁ መሃል ጠፍቶ ማስነሻው አልሠራ ብሎ ነበር። እኛ እግዚኦ እያልን ሳለ ጀልባ ነጂው የሞተሩን ክዳን አነሳ፤ የገመድ ጫፍ ቋጠረ፤ ቋጠሮውን ከላይ በሚሽከረከረው ክብ ብረት ስንጥቅ ውስጥ ሰካና ገመዱን ጠምጥሞ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። አፍጥጬ ሳየው ጊዜ፣ "እጅሽ ላይ ግን እንዳትጠመጥሚው፤ መልሶ ከሳበ ጣትሽን ይዞት ይሄዳል" አለኝ፣ ሥራዬ ይመስል።

ጄኔሬተርም ሞተር ነው ብዬ ተነሳሁ። በመፍቻ የማስነሻውን ሽፋን ፈታሁ። ከሥሩ ያው ዓይነት ክብ ብረት፣ ያው ዓይነት ስንጥቅ። የድንኳኑ ገመድ ወፍራም ሆኖ አልገባ አለ። ዓይኔ እትዬ ወገብ ላይ አረፈ።

"መቀነትዎን ይስጡኝ!"

"ምን አልሽ?"

"መቀነትዎን፣ እትዬ! አባዬ ሊሞትብኝ ነው!"

ሁለተኛ አልጠየቁም። ባንድ እጃቸው ቀሚሳቸውን ይዘው በሌላው ፈትተው ሰጡኝ። የሽሮ ሜዳ ሥራ ነው፣ ጥብቅ ያለ። አጠማዝዤ አንዱን ጫፍ ቋጠርኩት፤ ሌላውን እጀታ እንዲሆነኝ የእድሩ ወጥ ማማሰያ ላይ አሰርኩት።

በችኮላ የጠመጠምኩት በተቃራኒው ኖሮ፣ ስስበው ሞተሩ ተራግጦ ማማሰያውን ከእጄ ነጠቀኝ። ጣቴ ቢሆን ኖሮ! ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀስት አይቼ እንደገና ጠመጠምኩ። ስስበው ትንሽ ተንተከተከና ጠፋ። ደግሜ ሳብኩ፤ ምንም። ከቤት ይሰማኝ የነበረው የአባቴ ሳል ቆመ። ያኔ ነው የቤንዚኑ መክፈቻ የታየኝ፤ ዝግ ነው! ጠንቃቃው ንብረት ጠባቂ ከየለቅሶው በኋላ ዘግቶ ነው የሚያስቀምጠው። ከፈትኩት፤ እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ያለ የሌለ ኃይሌን አሟጥጬ ሳብኩት።

ተነሳ! ጥቁር ጭሱን ተፋና ግቢውን በጩኸት ሞላው። እትዬ ቀሚሳቸውን እንደያዙ እልልታቸውን አቀለጡት። አስቀድሜ ከአባቴ ማሽን ጋር ያያያዝኩትን የእድሩን ረጅም ኬብል ሰክቼ ወደ ቤት በረርኩ። ማሽኑ እየሠራ ነው። አባቴ አንገቱን ደፍቷል፤ ቀና አድርጌ ቱቦውን አስተካከልኩለት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከንፈሩም ቀስ በቀስ መልኩን ሲመልስ እያየሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኩራቴን አልደብቅም፤ በዚህ እጄ ነው ያስነሳሁት። እስከ ዛሬ ያላወራሁለት ሰው የለም።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም ዘንግተን ነበር። በሰፈራችን የእድሩ ጄኔሬተር ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ዝናቡ እንኳ ሳያባራ በሩ ተበርግዶ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። "ወይኔ ወንድሜን!" እያለች ደረቷን የምትመታ አንዲት የእድርተኛ ሚስት ከሁሉ ቀድማ አልጋው ድረስ ዘለቀች። አባቴን ቁጭ ብሎ ስታየው እጇ አየር ላይ ቀረ።

አባቴ ሁሉንም በየተራ አያቸው። ከቅድም ጀምሮ ሁለት ቃል ማያያዝ ያቃተው ሰው ነው።

"ማነው ሞተ ያላችሁ? ገና ነኝ! በሉ ነጠላችሁን አስተካክሉና ቁጭ ቁጭ በሉ፤ ሰው እየተነፈሰ እንዲህ ተለብሶ ቤቱ አይገባም!"

ይህን ሁሉ ሲናገር አንዴም ትንፋሽ አላጠረውም።