ጅቡ ዳኛ የሆነበት የወላጆች በዓል

የሞጣ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ የተመደብኩት ግን ቢቸና ነበር፤ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ። አምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹ ከቅኔ ቤት የመጡ ጎረምሶች ስለሆኑ ተረት በነገርኳቸው ቁጥር ከሰሙ በታች ወርቅ ይፈልጋሉ። ቀበሮ ዶሮ ሰረቀች ስላቸው "ቀበሮዋ ማን ናት?" ይሉኛል።

"ማንም አይደለችም። እንስሳውን እንደ ሰው ስናናግረው ሰውኛ ይባላል፤ የሚይዘው ግን የሰው ጠባይ ነው። ጠባዩን እንጂ ሰውየውን አትፈልጉ" እላቸዋለሁ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ተረት እንዲጽፉ አዘዝኩ። ሁሉንም ያስናቀችው አንዲት ዝምተኛ የበግ ነጋዴ ልጅ ነበረች። በተረቷ በግና ፍየል በግጦሽ ይጣሉና ጅብ ዘንድ ለዳኝነት ይሄዳሉ። ጅቡ በጣም ጨዋ ነው። "ያለ ምስክር አልፈርድም" ይላል። ምስክር ሲመጣለት "ለብቻው ልጠይቀው" ብሎ ዋሻው ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ አፉን እየጠራረገ ብቻውን ይወጣና "ይህ ምስክር አላጠገበኝም፤ ሌላ ይዛችሁ በሳምንቱ ተመለሱ" ይላቸዋል።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ምፀትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በወላጆች በዓል እንድታነበው መረጥኳት።

በበዓሉ ቀን የከተማው ዳኛ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን አስቀድሜ አላሰብኩትም። ልጅቷ "በሳምንቱ ተመለሱ" የሚለው ላይ ስትደርስ ከኋላ አንድ ባለጉዳይ ሳቅ አመለጠው። ወዲያው የሰው ሁሉ ዓይን ዳኛው ላይ አረፈ።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "ልጄ፣ ይህ ጅብ ማን ነው?"

እኔ ልመልስላት ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እሷ ግን አልደነገጠችም።

"ጅብ ነው፣ ጌታዬ። እትዬ እንዳስተማሩን እንስሳው የጠባይ ምሳሌ ነው። ጠባዩ ያለበት ሰው ራሱን ያውቃል።"

"ትምህርቱስ ምንድን ነው?"

"በግና ፍየል እርስ በርሳቸው ቢታረቁ ይሻላቸው ነበር ለማለት ነው።"

ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካስ እየሳቁ ኖሯል። "እኔ ደግሞ ቀጠሮ ማብዛት ደግ አይደለም የሚል መስሎኝ ነበር" አሉ። አዳራሹ አብሯቸው ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ ነው አንድ ተረት አንድ ትምህርት ብቻ እንደሌለው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ የተረትን ትምህርት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጬ አላውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳኛው ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ክፍላችን ሲመጡ በመስኮት አየኋቸው። እንጀራዬ ዛሬ ተቆረጠ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

"እኔም ተረት አለኝ" አሉ።

የእሳቸውም ጅብ ዳኛ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ደጁ በባለጉዳይ ይሞላል፤ ምሳውን ይረሳል፤ ጦሙን ውሎ ጦሙን ያድራል። መጨረሻ ላይ በጎቹን "እባካችሁ ወደ ጫካዬ አሰናብቱኝ" ብሎ ይለምናል። ልጆቹ በአክብሮት አዳመጧቸው። ሲጨርሱ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች።

"ጌታዬ፣ ተረቱ ጥሩ ነው። ግን ጅቡ አንድም ጥፋት የለበትም። እንዲህ ያለ ጅብ ማን ያምናል?"

"እና ምን ላድርገው?"

"አንድ በግ ይብላ።"

ዳኛው ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። "እሺ፤ ትንሿን ይብላ።"

"ትንሿንማ አይሆንም" አሉ ከኋላ ያሉት ጎረምሶች፤ "ትልቁን ሙክት ይብላ።" በዚህ እየተከራከሩ ደወሉ ተደወለ፤ ከክፍል የወጣ ግን አልነበረም።