«ደፋር» የተባልኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ ከትልቅ ሰው እጅ ማንኛውንም ነገር የምቀበለው በሁለት እጄ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ነበር። እርሳስም ቢሆን፣ ከረሜላም ቢሆን። ስለዚህ አሠልጣኛችን ጋሽ ሐጎስ የሶፍትቦሉን፣ ማለትም ኳስ የምንመታበትን ዱላ መጀመሪያ ሲሰጡኝ እንደለመድኩት ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሐበሻ ልጆችም ተራ በተራ እንዲሁ አደረጉ። ጋሽ ሐጎስ ራሳቸውን ይዘው፣ «ዱላ ነው እኮ የሰጠኋችሁ! ጸበል መሰላችሁ እንዴ?» ብለው ጮኹ። ጀርመኖቹና ቱርኮቹ ልጆች ምን እንደተባለ ባይገባቸውም ሳቁብን።

የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ሪደርቫልድ የሚባል ሰፈር ነበር። በዘጠናዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ወታደሮች ፍራንክፈርትን ለቀው ሲሄዱ ሜዳዎቻቸው ጦም አደሩ። ጋሽ ሐጎስ እንዴት እንዳደረጉ እንጃ፣ አንዱን አስፈቅደው የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰበሰቡበት። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ግሪስሃይም በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ የሚውሉ። ጨዋታውን ያወቁት በልጅነታቸው አስመራ፣ ከአሜሪካኖች ሰፈር አጥር ውጪ የሚወድቅ ኳስ እየለቀሙ ነው። እስከ ዛሬ የታጨደ ሣር ሲሸተኝ፣ የረጠበ የቆዳ ጓንትና የሳቸው የሚንት ከረሜላ ሽታ አብረው ይመጡብኛል።

ጋሽ ሐጎስን ያስቸገራቸው የክንዳችን ድካም ሳይሆን ጭምትነታችን ነበር። ኳስ የምትወረውርልንን ልጅ ቀና ብለን አናያትም። ዱላውን የምናወዛውዘው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ስንስት «ኤንትሹልዲጉንግ» እንላለን፤ ስንመታም «ኤንትሹልዲጉንግ» እንላለን። «ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቂው? ኳሷን?» ይሉኝ ነበር። አሮጌ የመኪና ጎማ ግንድ ላይ አስረው ትከሻችን እስኪዝል ያስደበድቡናል። «እያንዳንዷን ኳስ እመታታለሁ፣ እመታታለሁ እያልሽ ጠብቂያት። መጥፎ ሆና ከመጣች በመጨረሻ ትተያታለሽ። ልተዋት ብለሽ ከጀመርሽ ግን መቼም አትደርሺባትም» ይሉ ነበር፣ እስክንሰለች።

ከሁላችንም ጭምቷ እኔ ነበርኩ። እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። አየር ማረፊያ በጽዳት ሥራ ቆማ ትውላለች፤ ሰው «የጨዋ ልጅ» ሲለኝ ድካሟ ሁሉ የሚለቃት ይመስለኝ ነበር። አንድ ረቡዕ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጋሽ ሐጎስ ራሳቸው ባለ በሌለ ኃይላቸው የወረወሩትን ኳስ በጆሯቸው ሥር ሽው አደረግኩት። መሬት ላይ ወድቀው እዚያው ሆነው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌላ ወረወሩ፤ ሌላም መታሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይቅርታ ማለቱን ተውኩት። ከዳርምሽታት ከሚመጣው ቡድን ጋር ስንጋጠም አራተኛ የምትመቺው አንቺ ነሽ አሉኝ። አራተኛው ቦታ የቡድኑ የቁርጥ ቀን መቺ ቦታ ነው። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

የምሥራቹን ለእናቴ ራሳቸው መንገር ፈለጉ። እሑድ፣ ጉባኤያችን ከሚከራየው አዳራሽ ስንወጣ ጠብቀው፣ እናቴ ከጉባኤው እህቶች ጋር ቆማ ሳለች መጡ። ጋሽ ሐጎስ ሲደሰቱ እንኳ ፊታቸው አይፈታም፤ ድምፃቸውም ሁልጊዜ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ ይቺ ልጅሽ እኮ ደፋር ሆነች! እኔን እንኳ አትፈራም!» አሉና ትራም እንዳያመልጣቸው እየሮጡ ሄዱ።

ሜዳ ላይ «ደፋር» ሲሉን ጀግና ማለታቸው ነበር። የእናቴ ጆሮ የሰማው ግን ሌላውን ደፋር ነው፤ ትልቅ ሰው የማያከብረውን፣ አሳዳጊ የበደለውን። አንዷ እህት «እዚህ አገር ልጅ ማሳደግ…» ብላ ጀምራ ተወችው። የእናቴ ፊት ዐመድ መሰለ።

ፌርማታው ጋ ስንደርስ «ምን ብለሻቸው ነው?» አለችኝ። እያመሰገኑኝ እንደነበር ልነግራት ፈለግኩ፤ ግን ስደነግጥ አማርኛው ይጠፋኛል። «ማማ፣ ዳስ ቫር ዶህ አይን ሎብ!» ብዬ ጮህኩ። «ሎብ» ሙገሳ ማለት እንደሆነ እናቴ አታውቅም ነበር። እሷ የሰማችው በሰው ፊት፣ በጀርመንኛ ስጮህባት ነው። በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት እጇን አንሥታብኝ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላነሣችም።

ረቡዕ ዕለት ከሥራ አስፈቅዳ ልምምዱ ድረስ ይዛኝ መጣች። ቡድኑ ሁሉ እያየ፣ «ጉልበታቸውን ሳሚ» አለችኝ። ጎንበስ ስል ጋሽ ሐጎስ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ዘለሉ።

«ምን አድርጋ ነው?»

«ደፋር ሆናለች፣ እኔንም አትፈራም ብለውኝ የለ? አባት አጠገቧ የሌላት ልጅ ናት፣ ለእኔ ሲሉ ይማሯት» አለች እናቴ።

ጋሽ ሐጎስ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ዋይ ኣነ!» አሉ በትግርኛ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ እያመሰገንኳት ነበር። ጎበዝ ሆናለች ማለቴ ነው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጉንጬን አየችው። የጥፊው ምልክት ከጠፋ ቆይቷል፤ እሷ ግን ዛሬም ያለ ያህል ነው ያየችው።

ቅዳሜ ጋሽ ሐጎስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኬክ ይዘው ቤታችን መጡ። እሳቸው «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ፣ እናቴ «የለም፣ የኔ ነው» ስትል፣ ኬኩ ሳይቆረጥ ተነሥተው ሄዱ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ፣ በእኔ ምክንያት አንድ አዛውንት ራሳቸውን ዝቅ ሲያደርጉ፣ እናቴም እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ እያየሁ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማንም አንቺ አጠፋሽ አላለኝም። ሁሉንም ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ የተሰማኝ ግን ያን ቀን ነው። ምን ነበረበት አርፌ ብቀመጥ፣ ምን ነበር ያን ኳስ ባልመታው እያልኩ ሰነበትኩ።

ወደ ሜዳ እንድመለስ የለመነችኝ እናቴ ናት። ተመለስኩ፤ ጋሽ ሐጎስ ግን ለእኔ ሌላ ሰው ሆነው ጠበቁኝ። ሌሎቹን «ሂጂባት! ምን ትጠብቂያለሽ!» እያሉ ይጮኹባቸዋል፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ቀስ ብለሽ የኔ ልጅ፣ እንደተመቸሽ» ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ቢጮኹብኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

የግጥሚያው ዕለት እናቴ የጠዋት ሥራዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ መጥታ ከሣሩ ዳር ቆማለች። በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ ሁለት ልጆቻችን እኔ ስመታ ሮጠው ነጥብ ሊያስገቡ እየተጠባበቁ፣ የመጨረሻው ተራ የኔ ሆነ። ኳሷ መጣች። ቆንጆ ኳስ ነበረች፤ ሕፃንም ይመታታል። እኔ ግን ክንዴን ከማንሣቴ በፊት ወደ እናቴ አየሁ፣ ወደ ጋሽ ሐጎስም አየሁ፤ አለፈችኝ። ሁለተኛዋም አለፈችኝ። ሦስተኛዋንም ዱላውን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ በዓይኔ ሸኘኋት፤ ሦስት ያሳለፈች ትወጣለችና ጨዋታው አለቀ። ስቶ መውጣት በጋሽ ሐጎስ ዘንድ ምንም አይደለም፤ ሳይሞክሩ መውጣት ግን ነውር ነበር። እንዲቆጡኝ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መጥተው ራሴን ዳሰሱኝና፣ «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት የመዘምራን ልምምድ ከጨዋታው ቀን ጋር ተጋጨና ለማቆም ሰበብ አገኘሁ። ጋሽ ሐጎስ ጡረታ ወጥተው ወደ አስመራ ሲመለሱ ሊሰናበቱን መጡ። ደጃፋችን ላይ ቆመው እናቴን እንደገና ይቅርታ ጠየቋት።

ዛሬ እኔም ልጅ አለችኝ። እናቴ እዚያው ሪደርቫልድ ናት፤ ልጄ በየሳምንቱ እየሄደች ከእሷ ጋር የልጆች ካርታ ትጫወታለች። በእኛ ጊዜ ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን ትክ ብሎ አያይም ነበር። ይቺ ግን ባለፈው እሑድ ጠረጴዛውን መትታ፣ አያቷን ፊት ለፊት እያየች፣ «ኦማ፣ ዱ ሹመልስት!» አለቻት፤ ታጭበረብሪያለሽ ማለቷ ነው። እናቴ በእርግጥም እያጭበረበረች ነበር። ከት ብላ ሳቀች። ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀችና ድንገት ሳቋ ቆሞ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም እንዲህ ነበርሽ» አለችኝ። «ለትንሽ ጊዜ።»

«እኔ እንጃ እማዬ፣ ረስቼዋለሁ።»

«አልረሳሽውም። እኔ እንድረሳው ብለሽ ነው እንጂ።»

ልጄ ካርታውን በውዛ ለሦስታችንም አደለችንና ጨዋታው ቀጠለ። እናቴ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አላጭበረበረችም።