ጀዊሪያ የቆረጠችው ቸርኬ

ጀዊሪያን የማያውቅ ሰው ዊንጌት አካባቢ ሳይክል አልነዳም ማለት ነው። ከኔ የሽንኩርት መደብ አጠገብ ላስቲክ ወጥራ ሳይክል ትጠግናለች። ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። "ሴት ደግሞ ጎማ ትለጥፋለች?" ብሎ የሳቀባት ሁሉ ዛሬ ሳይክሉን እየገፋ የሚመጣው እሷው ጋ ነው። ይበላቸው።

አንድ ነገር አላት፤ ጎማ ለማስለጠፍ ብትመጣም ጎማው የሚገጠምበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ሳታይ አትመልስልህም። ከቀጨኔ የሚወርድ ሰው ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ጨብጦ ነው የሚወርደው፤ የፍሬኑ ላስቲክ የቸርኬውን ጎን ይበላዋል። ጎማው አዲስ ሆኖ ሳለ ቸርኬው ያልቃል። ሰዉ ግን ጎማውን ብቻ ጫን ጫን አድርጎ "ደህና ነው" ብሎ ይወጣበታል።

ባለፈው ሰኔ ጌቱ መጣ። ጌቱ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሸጥ ሸማኔ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ልጁን ሰምሀልን ከኋላ ጭኖ ከቀጨኔ ወደ ትምህርት ቤት ያወርዳታል። የፊቱ ጎማ ተንፍሶበታል። ጀዊሪያ ጎማውን ስታወልቀው የቸርኬው ጎን እንደ ቆርቆሮ ሳስቶ ተሰንጥቋል።

"ይሄ አይገጠምም። ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል፤ ሌላ ቸርኬ ፈልግ" አለችው።

"እኔ ለጥፊልኝ ነው ያልኩሽ። ለጥፈሽ ግጠሚው፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።"

"ሰምሀልስ? እሷም ትወስዳለች?"

ጌቱ ደሙ ፈላ። ስለ ልጁ ማንም እንደማይነግረው፣ ከነገ ጀምሮ አንድ ሸማኔ እዚህ ደጃፍ ድርሽ እንደማይል እየጮኸ ነገራት። ዛቻው ቀልድ አልነበረም፤ ከደንበኞቿ አብዛኞቹ ሸማኔዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ አንዱ ካኮረፈ ሁሉም ያኮርፋሉ። መጋዝ አንስታ ቸርኬውን እፊቱ ቆርጣ ጣለችው።

እውነት ለመናገር እኔም ደነገጥኩ። የሰው ንብረት ነው እኮ።

እንዳለውም ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ሸማኔ የሚባል ዝር አላለም። ልጆች የምታሳድግ ሴት እጇን አጣጥፋ ዋለች። "ሄደሽ ይቅርታ ብትይውስ?" ብላት እኔንም አኮረፈችኝ። ግትር ብዬ ሰደብኳት፤ በሆዴ ግን ኮራሁባት።

መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ መጣ። የሸማኔዎቹ ታላቅ አባባ ታረቀኝ ጌቱን ይዘው ከላስቲኩ ሥር ተቀመጡ፤ ሰምሀልም አብራ ነበረች። ዕርቅ ሲሆን ሁለቱም ወገን "አጥፍቻለሁ" ይላል፤ ወጉ ነው።

"በይ ልጄ፣ አንቺ ጀምሪ" አሏት።

"አባባ፣ ቸርኬውን እተካለታለሁ፣ ግድ የለም። 'አጥፍቻለሁ' ግን ከአፌ አይወጣም። ደንበኛ መቅረቱ ቀርቶ ከዚህ ቦታ ብነቀልም አይወጣም። እስቲ እሱን ይጠይቁልኝ፤ ባልቆርጠው ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?"

አባባ ታረቀኝ ወደ ጌቱ ዞሩ። ልጁ እጁን ይዛለች።

"ሌላ ቦታ አስገጥሜ ጭኛት እወርድ ነበር" አለ።

እኔ እንባዬ መጣ፤ ጀዊሪያ ግን ፍንክች አላለችም።

"ለዚህ ነው የቆረጥኩት" አለችው።