ሳልሰማው የቀረ ዘፈን

በ1986 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሲበረታ የሆነውን ያስታወሰኝ የልጄ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ባለፈው ሳምንት ከከዚራ ሰፈር ስትመለስ አንዱን ጫፍ ዘረጋችልኝ።

«እማዬ፣ ሰሞኑን ከዚህ ሌላ አልሰማም። እስቲ ስሚልኝ።»

ሁዳዴ ነው። እጇን ልመልስ ስል ዘይነብ ትዝ አለችኝ።

ዘይነብ የጎረቤታችን የአዴ ሐሊማ የልጅ ልጅ ነበረች። ያኔ በማግስቱ ባቡር ጅቡቲ ሄዳ አክስቷ ዘንድ ልትኖር ነበር። ቴፗን ታቅፋ መጣች።

«አቦ፣ አንዱን ብቻ አብረን እንስማ።»

«ጾም ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

አዴ ሐሊማ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ጾሙ የከለከለሽ ዘፈኑን ነው፤ እሷን መች ከለከለሽ?» አሉኝ።

አፍሬ ሳልወጣ ቀረሁ። ጠዋት የባቡሩን ጡሩምባ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

ይህን አስቤ ልጄን «ዘፈኑ ለፋሲካ ይቆየኝ፤ አንቺ ግን ተቀመጪና ንገሪኝ» አልኳት። ስለ ዘፈኑም፣ ስለምትከታተለው ድራማም እስኪመሽ አወራችኝ። ተመስገን።

በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስመለስ፣ የአዴ ሐሊማ ልጅ ሱቅ ገብቼ የዘይነብን ስልክ ጠየቅሁ። ያ ዘፈን የትኛው እንደነበር ልጠይቃት ፈልጌ ነው።