የመጨረሻዋ ማኅተም

በእኛ በጣሊያኗ ኡምብሪያ ኮረብቶች ያለ መሪ በእግራቸው የሚጓዙ እንግዶች ማደሪያዬ ሲደርሱ መጀመሪያ ውሃ ይጠይቃሉ። እኒህ ሴት ግን በየማደሪያው ማኅተም የሚመታበትን የጉዞ ደብተራቸውን ዘርግተው ማኅተም ጠየቁ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ቢሆን ነው።

"ሰዓቱንም ጻፍበት። ብቻዋን መጣች ብለህ ፈርም።"

ጫማቸው አሮጌ፣ ማሰሪያው አዲስ ነው። የመንገዱን መግለጫ ወረቀት በእርሳስ አርመውታል።

"ትልቁ ወይራ ጋ ወደ ግራ ይላል። ወይራው ተቆርጧል፤ ለሚመጣው ሰው ንገር።"

ጠዋት ዘነበ። የእንግዶችን ሻንጣ በመኪና የሚያደርሰው ኔሎ አዘነላቸው።

"እማማ፣ ከሻንጣዎ ጋር ይግቡ። ማን ያያል?"

"ሻንጣው ይሂድ። እሱን አረጋውያን መጦሪያ ላስገባ የሚል ልጅ የለውም። የኔው ልጅ ግን 'መንገድ ይጠፋብሻል' ይለኛል። ደብተሩን ለማሳየት አንድ ማኅተም ነው የቀረኝ።"

ከመንደሩ በታች ባለው መንታ መንገድ፣ ድንጋዩ ላይ የተቀባውን ምልክት የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። እንግዳ ሁሉ ሰፊውን ይዞ ይሄድና ተመልሶ እኔን ይወቅሳል። በመስኮት አየኋቸው። ቆሙ። ወረቀቱን አላወጡም። ድንጋዩን በከዘራቸው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉና ጠባቡን መንገድ ያዙ።

ኔሎ ሻንጣውን እየጫነ፣ "እኔ በአስፋልቱ ስዞር ቀድመውኝ ይደርሳሉ" አለ።